ሳልን ማን ጠራው?

ተረቴን በጣት እየቆጠራችሁ ስሙኝ፤ አንድ ጣት ከጎደለ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

አቶ ደስይበለው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይስሉ አንድ ንግግር መጨረስ። የጎረቤታቸው የእትዬ ብርነሽ ልጅ የአቶ ጫኔን ልጅ ወደደ፤ እሳቸው ሽማግሌ ሆነው ሄዱ። ደጃፍ ላይ ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን…» ሲሉ ሳል ያዛቸው። አሥራ አንድ ጊዜ ሳሉ።

«ሽማግሌው ሳላቸውን ይጨርሱና ከፋሲካ በኋላ ይምጡ» አሉ አቶ ጫኔ። «ያኔም ካልጨረሱ፣ ልጄን የሚጠይቅ ሌላ ሰው አለ።»

እትዬ ብርነሽ ደረታቸውን ደቁ። «ጋሼ፣ የልጄን ትዳር በጉሮሮዎ አነቁት!» ብለው የእህታቸው ባል ጠጥቶ ያስተረፈውን ሽሮፕ አመጡ። አቶ ደስይበለው ጠጡ። ሳሉ ትንሽ ረገብ አለ፤ ሆዳቸው ግን ተቆለፈ። አራት ቀን ሙሉ ተቆለፈ። ሳል ሽሮፕን ጠራ፣ ሽሮፕ ድርቀትን ጠራ።

«ለድርቀት የጉሎ ዘይት ነው!» አሉ እትዬ ብርነሽ። ጠጡ። ከቤት እስከ ሽንት ቤት አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ነው። በዚያ ቀን ዘጠኝ ጊዜ ተመላለሱ፤ የመጨረሻውን በሰባት እርምጃ ደረሱ። ሳል ሽሮፕን ጠራ፣ ሽሮፕ ድርቀትን ጠራ፣ ድርቀት ዘይትን ጠራ፣ ዘይት ተቅማጥን ጠራ።

«ተቅማጥማ በወፍራም ጥቁር ሻይ ይታሰራል!» አሉ እትዬ ብርነሽ። ጠጡ። ስምንት ብርጭቆ። ሆድ ታሰረ፣ እንቅልፍ ተፈታ። ሦስት ሌሊት ጣሪያውን ሲያዩ አደሩ፤ ቆርቆሮው አርባ ሁለት ምስማር አለው። ዓይናቸው እንደ በርበሬ ቀላ። ሳል ሽሮፕን ጠራ፣ ሽሮፕ ድርቀትን ጠራ፣ ድርቀት ዘይትን ጠራ፣ ዘይት ተቅማጥን ጠራ፣ ተቅማጥ ሻይን ጠራ፣ ሻይ እንቅልፍን አባረረ። ሳሉም አልሄደም!

«በዚህ ዓይን አቶ ጫኔ ቤት ከሄዱማ አረቄ ቤት ነው ያደሩት ይባላል» ብለው እትዬ ብርነሽ ፋርማሲ ድረስ ጎተቷቸው። «የእንቅልፍ ክኒን ስጪን፣ ልጄ።»

«አልሰጥም» አለች ፋርማሲስቷ ትርሲት።

«እንዴት አትሰጪም? መደርደሪያሽ ሙሉ አይደለም እንዴ?»

«ሙሉ ነው፤ ግን ሳላውቅ አልሰጥም። አባባ፣ ቤት ያለውን የሚውጡትንም የሚጠጡትንም ሁሉ በፌስታል ይዘውልኝ ይምጡ።»

ይዘው መጡ። ትርሲት ባንኮኒው ላይ ደረደረችው። አቶ ደስይበለውም አንድ በአንድ እያሳዩ ነገሯት። «ሳል ሽሮፕን ጠራ፣ ሽሮፕ ድርቀትን ጠራ፣ ድርቀት ዘይትን ጠራ፣ ዘይት ተቅማጥን ጠራ፣ ተቅማጥ ሻይን ጠራ፣ ሻይ እንቅልፍን አባረረ።»

«ሳልንስ ማን ጠራው?» አለች ትርሲት።

ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ከፌስታሉ ግርጌ አንድ የክኒን እሽግ አወጣች። «ይሄስ?»

«እሱማ የደም ግፊቴ ነው። ጥር አሥራ ሁለት ጀመርኩት።»

«ሳሉስ?»

«ጥር ሠላሳ። ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ።»

ትርሲት ሳቀች። «አባባ፣ እንደ እርስዎ የሚቆጥር ሰው ቢበዛልኝ! ይሄ ክኒን ለግፊት ጥሩ ነው፤ አንዳንድ ሰው ላይ ግን ደረቅ ሳል ያመጣል።»

እትዬ ብርነሽ እሽጉን ነጥቀው ወደ ቆሻሻ መጣያው ዞሩ።

«እትዬ፣ ይመልሱ! ግፊት ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚገድለው። በራስ ፈቃድ አይቆምም።» ስልኳን አንስታ ክኒኑን ላዘዘው ሐኪም ደወለች። ሐኪሙ ለግፊቱ ሌላ መድኃኒት ቀየረላቸው። «ሳሉ ግን ዛሬውኑ አይሄድም፣ አባባ። ሳምንታት ይፈልጋል። የሰው ሽሮፕ ደግሞ የሰው ነው፤ አይጠጡ።»

«የሰው ነው» አሉ አቶ ደስይበለው፣ እትዬ ብርነሽን እያዩ።

ክኒኑ ተቀየረ፣ ሳሉ ቀስ በቀስ ሄደ። ሳል ሄደ፣ ሽሮፕ ቀረ። ሽሮፕ ቀረ፣ ድርቀት ለቀቀ። ድርቀት ለቀቀ፣ ዘይት ቀረ። ዘይት ቀረ፣ ተቅማጥ ጠፋ። ተቅማጥ ጠፋ፣ ሻይ ቀጠነ። ሻይ ቀጠነ፣ እንቅልፍ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ግፊቱም ልኩን ያዘ።

ከፋሲካ በኋላ አቶ ደስይበለው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ዓይናቸው ነጭ፣ ጉሮሮአቸው ንጹሕ። «ልጅዎን ለልጃችን» ብለው ጀመሩ፤ እስከ መጨረሻዋ ቃል ዘለቁ። አንዴም አልሳሉም! እትዬ ብርነሽ ከአጥር ውጭ ትንፋሻቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ አቶ ጫኔ። ከዚያ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳሉ። ደግመው ሳሉ። ሠለሱ።

«ሦስት» አሉ አቶ ደስይበለው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሚስጥር ይሁን እንጂ… ከሁዳዴ ጀምሮ።»

እትዬ ብርነሽ በሩን በርግደው ገቡ። «እኔ ቤት ሽሮፕ አለ!»

«ብርነሽ!» አሉ አቶ ደስይበለው። «ፌስታል አምጪ።»

ተረቴን በልኩ ውሰዱ፤ የተረፋችሁን ለጎረቤት አትስጡ።