ይሉኝታ ያጠወለጋት ፈርን

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ አትመልሱልኝ፤ በዛሬው ተረት ላምም በረትም የለም። ያሉት አንዲት ፈርን፣ አንድ ኤሊና አንድ ስንጥቅ እንስራ ናቸው። ፈርንን የማታውቁ ካላችሁ፣ ጫካ ውስጥ ጥላ ሥር የምትበቅለው፣ ቅጠሏ እንደ ላባ የተተለተለው፣ አበባም ፍሬም የሌላት ተክል ናት። በሉ አሁን ዝም ብላችሁ ስሙ።

ድንጋይ ሳይቀር ይናገር በነበረበት ዘመን፣ እመት ፈርን ከአንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ትኖር ነበር። ዘጠኝ ቅጠል ነበራት። ዝግባው ፀሐዩን ይከልልላታል፣ የረገፈው ቅጠል በስብሶ አፈሩን ያለሰልስላታል፣ ጉሙ ጠዋት ጠዋት ፊቷን ያጥብላታል። ምን ጎደላት? ምንም! ችግሯ አንድ ብቻ ነበር፤ ይሉኝታ። «ምን ይሉኛል» እያለች እንኳን ለመለመን ለማስነጠስም ትፈራ ነበር።

አንድ ቀን ዐውሎ ነፋስ መጣና ዝግባውን ገነደሰው። ፀሐይ በቀጥታ አናቷ ላይ ወረደ። ጎረቤቷ አያ ኤሊ ይህን አይቶ አዘነ።

«እመት ፈርን፣ እዚህ ከቆየሽ ደርቀሽ መሞትሽ ነው። ከነአፈርሽ ጀርባዬ ላይ ውጪና ሌላ ቤት እንፈልግልሽ» አላት።

«ኧረ አይገባም! እከብድሃለሁ።»

«ምን ትከብጅኛለሽ? ላባ!»

ከነአፈሯ ጀርባው ላይ ጉብ አለች። ሄዱ፣ ሄዱ፣ ሄዱ። በኤሊ እርምጃ ነውና ገና የወደቀውን ዝግባ ጫፍ አላለፉም። ደግሞ ሄዱ፣ ሄዱ፣ ሄዱና ኮረብታ አናት ላይ ጋሽ ኩይሳን አገኙት። ጋሽ ኩይሳ ምስጦች የሠሩት የአፈር ክምር ነው፤ ከፍታውን እንደ ሹመት የሚቆጥር።

«ቤት ለእንግዳ! ምን ላቅርብልሽ?» አላት።

«ኧረ ምንም!»

«እንግዳማ ከበላዬ ነው የሚቀመጠው! ወደ ላይ! በሞቴ ወደ ላይ!»

አናቱ ላይ አወጣት። ጥላ የለ፣ ጠብታ ውሃ የለ፤ ፀሐዩ ከፊት፣ ነፋሱ ከኋላ።

«ተመቸሽ?»

«በጣም! እግዜር ይስጥልኝ!» አለች። ወዲያው ሦስት ቅጠሏ ኩምትር ብሎ ረገፈ።

«ጥላ እፈልጋለሁ አትይውም ነበር?» አላት ኤሊ ሲወርዱ።

«በሞቴ እያለኝ? ምን ይለኛል! ይልቅ ከበድኩህ መሰለኝ።»

«ምን ትከብጅኛለሽ? ላባ!» አለ። የግራ ጉልበቱ ግን ቋ አለ።

በማግስቱ ረግረግ ደረሱ። እትዬ እንቁራሪት እየዘለለች ተቀበለቻቸው።

«ጠጪ!»

«ጠጥቼ ነው የመጣሁት።»

«አንዴ ብቻ! በሞቴ!»

«በቃኝ፣ እትዬ።»

«እኔ ልሙት!» ብላ ጭቃው ውስጥ እስከ አንገቷ ዘፈቀቻት። የፈርን ሥር እርጥበት ይወዳል፤ መዋኘት ግን አይችልም።

«ተመቸሽ?»

«ብልቅ... በጣም!» አለች ፈርን። ሥሯ ትንፋሽ አጠረውና ሦስት ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ ተንሳፈፈ።

«አሁንስ ከበድኩህ» አለችው ኤሊን፣ ጭቃዋን ይዛ ስትወጣበት።

«ላባ!» አለ። የቀኝ ጉልበቱም ቋ አለ።

በሦስተኛው ቀን አቶ ጃርት ጉድጓዱ በራፍ ላይ ቆሞ አያቸው። «ብርድ ሊመታሽ ነው፤ ግቢ ወደ ውስጥ! በሞቴ!» ብሎ ጎትቶ አስገባት። ጉድጓዱ ዓይን ቢወጉበት የማይታይ ጨለማ ነው። ልጆች፣ ፈርን ጥላ ትወዳለች ስላችሁ ጨለማ ትወዳለች ማለቴ አይደለም። በቅጠል መሃል ሾልኮ የሚመጣ ብርሃን ከሌላት ምግቧን አትሠራም። ይባስ ብሎ አቶ ጃርት እንግዳ የሚወደው እያቀፈ ነው። በዚያ እሾህ!

«ተመቸሽ?»

«እህ... በጣም!» አለች፤ ሁለት ቅጠሏ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ወደቀ።

አሁን የቀራት አንድ ቅጠልና ገና ያልተፈታ፣ እንደ ጡጫ የተጠቀለለ አንድ ቡቃያ ብቻ ነበር። ኤሊ እየተንገዳገደ ተሸክሟት አንድ ምንጭ አጠገብ ደረሰ። እዚያ ከቋጥኝ ሥር አባባ እንስራ ተቀምጧል። ሲሰነጠቅ ባለቤቶቹ ጥለውት ሄደዋል። ከቋጥኙ የሚንጠባጠበው ውሃ አፉ ውስጥ ይገባል፣ በስንጥቁ ይወጣል። ጠብ... ጠብ... ጠብ።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት።

«ኧረ ምንም!»

«እሺ» አለ እንስራው።

ፈርን ጠበቀች። «በሞቴ» የለ። «እኔ ልሙት» የለ። ጠብ... ጠብ... ጠብ። ኤሊን አየችው፤ ኤሊም አያት።

«አባባ፣ አንዴ ጠይቀው ተዉት?»

«አርባ ዓመት እንስራ ነበርኩ፣ ልጄ። ሙላ ሲሉኝ እሞላለሁ፣ በቃ ሲሉኝ በቃ ነው። ምንም ካልሽ ምንም ነው።»

የቀረችው ቅጠሏ ጫፍ መኮማተር ጀመረ። ፈርን ሞቷን በዓይኗ አየች፤ ጨነቃት።

«እፈልጋለሁ!» ብላ ጮኸች፤ በገዛ ድምፅዋ ራሷ ደነገጠች። «ጥላ እፈልጋለሁ፣ ግን ጨለማ አይደለም! እርጥበት እፈልጋለሁ፣ ግን አትዝፈቁኝ! ቅጠል የበሰበሰበት ለስላሳ አፈር እፈልጋለሁ! ነፋስ አልወድም! አናት ላይ መቀመጥ አልወድም! መታቀፍ ደግሞ ፈጽሞ!»

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«ያልሽው ሁሉ እዚሁ ስንጥቄ ሥር አለ። ነይ ውረጂ። እኔንም ያፈሳል ብለው ነበር የጣሉኝ፤ አንቺን ካጠጣሁማ ማፍሰሴም ሥራ ሆነ» አለ።

ፈርን ወርዳ ሥሯን ለስላሳው አፈር ውስጥ ዘረጋች። ይኼኔ ኤሊ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ።

«ምነው አያ ኤሊ?»

«ከብደሽኛል!» አለ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከብደሽኛል! አፈርሽ ድንጋይ አለበት! ጉንዳን አለበት! ወገቤ ተቆረጠ እኮ!»

«ታዲያ ላባ ላባ ስትል የከረምከው?»

«ምን ትለኛለች ብዬ!»

ሦስቱም ሳቁ። እንስራው ሲስቅ ስንጥቁ ሰፋ፤ ግን ትንሽ ብቻ ስለሆነ ለፈርን የበለጠ በጃት።

ክረምቱ ሳይወጣ ቅጠሏ ዘጠኝ ሞላ። አንድ ቀን ከቅጠሏ ጀርባ ቡናማ ዱቄት ቦነነና እንስራውን አስነጠሰው። «በርበሬ ደፋሽብኝ!» ብሎ ተቆጣ። በርበሬ አልነበረም፤ ሌላው በዘር እንደሚራባ ፈርን የምትራባው በዚያ ዱቄት ነው። ውሎ አድሮ በእንስራው ዙሪያ ትንንሽ ፈርኖች ጡጫቸውን እንደጨበጡ ብቅ ብቅ አሉ። እናታቸው እያንዳንዱን ገና ሳይፈታ «ምን ትፈልጋለህ?» ትለዋለች፤ ጡጫውን የሚፈታው ሲመልስላት ነው።

እናንተም የሚያስፈልጋችሁን ተናገሩ፤ የሚወዳችሁ ሰው እንኳ ካልነገራችሁት አያውቅላችሁም።

ተረቴ አለቀ። ዳቦ ትበላለህ ወይ ብላችሁ ልትጠይቁኝ ከሆነ፣ አንዴ ብቻ ጠይቁኝ። አዎ፣ እበላለሁ። ወፍራሙን።