ባለ ወፍጮው ችሎት የገባ ዕለት

አንድ ባለ ወፍጮ ነበረ። «የሌላ ሰው ፍርድ እኔን ምን አገባኝ?» ብለህ ለጠየቅኸኝ መልሱ በእሱ ላይ የሆነው ነገር ነው፤ አዳምጠኝ።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ሚዛን አያዛባም፤ ሠራተኛ አይሰድብም። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ግን ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያያይዘው ቺንጋ ያለ አንዳች መከለያ ይሽከረከር ነበር። ከቺንጋው አጠገብ ቆማ እህል የምትጨምረው አበዛሽ የምትባል ሠራተኛ ናት። አንድ ቀን፣

«ጋሼ፣ ይህን ነገር በቆርቆሮ እንኳ ቢያስከልሉልኝ። ዛሬ ነጠላዬን ሊጎትተው ነበር» አለችው።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ሲዞር ማንን በላ? አንቺ ብቻ ነጠላሽን ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ» አላት።

እሷም ጠበቅ አድርጋ እያሰረች ሥራዋን ቀጠለች።

ከወንዙ ማዶ ተፎካካሪው የሆነ ሌላ ባለ ወፍጮ ነበረ። በዓመቱ እዚያ ወፍጮ ቤት የምትሠራ ሴት ክንዷን በቺንጋ አጣች፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ጋቢውን ደርቦ ችሎት ገባ። እውነቱን ልንገርህ፣ የሄደው የተፎካካሪውን ውርደት ሊያይ ነው።

ተከሳሹ ተነሥቶ፣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጥፋቱ የእሷ ነው። ልብስሽን ጠበቅ አድርጊ ብዬ ነግሬአት ነበር» አለ።

የእኛ ሰው ጆሮው ጋለ። ከሳሿን አያት፤ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፣ ባዶው እጅጌዋ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

ዳኛው፣ «ጠበቅ አድርጊ ያልካት አደጋ መኖሩን ስለምታውቅ ነው። አደጋውን እያወቀ ማሽኑን ያልከለለ አሠሪ ምክሬን አልሰማችም ብሎ አያመልጥም» አሉና ፍርዱን ማንበብ ጀመሩ።

የእኛ ሰው ፍርዱ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ወደ ወፍጮ ቤቱ ተመለሰ። ቀኑ የበዓል ዋዜማ ገበያ ነው፤ ደጃፉ በአህያና በጆንያ ተጨናንቋል። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ገብቶ ሞተሩን አጠፋው። ገበያተኛው ጮኸ፤ እኩሌታው እህሉን ጭኖ ወደ ሌላ ወፍጮ ሄደ። ሰውየው ግን ብየዳ ሠራተኛ አስጠርቶ ቺንጋውን በብረት እስኪያስከልል ሦስት ቀን ዘጋ።

የችሎቱን ነገር ሲነግራት አበዛሽ ብረቱን በእጇ ዳበስ አደረገችው። «ጋሼ፣ እኔ ስነግርዎ ያልሰሙትን ከዳኛው አፍ ሲወጣ ሰሙት?» አለችው።

«ይቅር በይኝ» አላት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ያን ፍርድ መነሻ ያደረገ መመሪያ ወጣ። ተቆጣጣሪዎች በየወፍጮ ቤቱ ዞሩ። ብዙዎቹ ባለ ወፍጮዎች እንዳንተው፣ «እኔን ማን ከሰሰኝ?» እያሉ ተነጫነጩ።

ልጄ፣ ትናንት ተቆጣጣሪዋ ዳቦ ቤትህ መጥታ የሊጥ ማቡኪያ ማሽንህን ክለለው ስትልህ ተቆጣህ። እርግጥ ነው፣ በዚያ ፍርድ ላይ ስምህ የለም። ማሽንህ ግን አለ። ፍርድ በተጎዳችው ስም ይጻፋል፤ ከለላነቱ ግን ገና ላልተጎዱት ነው። ይልቅስ ሊጥ የሚያቦካልህ ሰው ማን ነው ስሙ? ሂድና በስሙ ጠርተህ፣ ምን እንደሚያስፈራው ዳኛ ሳይጠይቅህ በፊት አንተ ጠይቀው።