ባለ ሦስት ቁልፉ ኮምፒውተር

እኛ ሰፈር ሰው ቁልፉን ሳጥን ውስጥ ረስቶ ሳጥኑን ሲቆልፍ የሚተረትበት ተረት አለ። ከቅድመ አያቶች የወረደ የመሰላችሁ ካላችሁ ይቅርታ፤ ዕድሜው ገና ሁለት ዓመት ነው። የተወለደውም በእድራችን አዳራሽ ነው።

የእድራችን ጸሐፊ ጋሽ ሸዋንግዛው ለእድሩ አሮጌ ኮምፒውተር አገኙ። የእህታቸው ልጅ ፌቨን ባለሙያ ናትና ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ማስኬጃ ልትጭንላቸው መጣች።

«ለጀማሪ የሚመች፣ ቫይረስም የማይደፍረው ነው። ስክሪኑ ላይ የአባላቱን ዝርዝርና ማተሚያውን ብቻ ትቼልዎታለሁ። ገና ሲበራ ግን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። እሱ ከጠፋ እኔም አልከፍተውም። አንድ ቦታ ጽፈው ይያዙት።»

«የእድር ንብረት በአንድ ሰው እጅ ይቆለፋል እንዴ?» ብለው ሳቁባት።

ወግ ነዋ! የእድሩ ዕቃ ቤት ሦስት ቁልፍ አለው፤ ድንኳን የሚወጣው ሦስቱ ቁልፍ ያዦች ሲገናኙ ነው። ፌቨን ብትለምን ብትለማመጥ ማን ሰምቷት! ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ሊቀ መንበሩ አቶ ንጋቱና ዕቃ ቤት ኃላፊዋ እማማ አጸደ ተራ በተራ የይለፍ ቃሉን አንድ አንድ ቁራጭ ጻፉ። አንዱ ሲጽፍ ሁለቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ሲጨርሱ ለንስሐ አባት እንኳ ላይናገሩ በገብርኤል ተማማሉ።

ጋሽ ሸዋንግዛው ኮምፒውተሩን ሳያጠፉ ሦስት ሳምንት ሠሩ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አባላት መዘገቡ፤ የድሮውን መዝገብም ለሱቅ መጠቅለያ ሰጡት። በጠቅላላ ጉባኤው ጠዋት መብራት ሄዶ መጣ፤ ኮምፒውተሩም ጠፍቶ ሲበራ የይለፍ ቃል ጠየቀ።

በእኛ እድር ጉባኤ ላይ ዝርዝሩን ያላነበበ ጸሐፊ ይሻራል። ጋሽ ደግሞ ወንበሩ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ተቀምጠዋል።

ሦስቱ ተሰብስበው ጻፉ። «የይለፍ ቃሉ ስህተት ነው» አለ ኮምፒውተሩ። ደገሙት፤ ስህተት።

«የእኔ ልክ ነው!» አሉ አቶ ንጋቱ።

«የእኔስ ምን ሆነና?» አሉ እማማ አጸደ።

ተጠርታ የመጣችው ፌቨን ጠጋ አለች። «እማማ፣ የእንግሊዝኛውን ፊደል ትልቁን ነው ትንሹን የጻፉት?»

«ይኼማ መናገር ነው!»

«እትዬ አጸደ፣ ወንበሬ ሊሄድ ነው!» አሉ ጋሽ። «ለእኔ ብቻ፣ በጆሮዬ!»

«ላንተ? ያስማለኝ ማን ሆነና!»

«ንጋቱ፣ አንተ እንኳ...»

«እሷ ሳትናገር እኔ ልናገር? ሞኝህን ፈልግ!»

«ፌቨንዬ፣ በቃ ስበሪው!»

«የማይሰበረውን ነው እኮ የጫንኩልዎት፣ ጋሼ።»

ከሰዓት በኋላ ጉባኤው እጅ አውጥቶ ጋሽን ሻረ። አዲሷ ጸሐፊ ሉክ ደብተር ገልጣ «ስም?» እያለች አባላቱን ከአንድ ጀምራ መመዝገብ ያዘች። ጋሽ ሸዋንግዛውም እንደ ማንኛውም አባል ተሰለፉ።

«ቢሆንም ሌባ አልገባበትም!» አሉ አንገታቸውን ቀና አድርገው።

ከኋላቸው የቆሙት የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ባሻ ይልማ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና፣ «አዬ ሸዋንግዛው! ለሌባ ብለው ቆለፉት፣ ባለቤቱን ደጅ አስቀሩት» አሉ።