ድንኳን የጫነችው ቮልስ

አንድ ቀን ጋሽ አጥናፉን ትራፊክ አስቆማቸው። ጋሽ አጥናፉ የሰፈራችን ዕድር ንብረት ያዥ ናቸው። ጡረታ እንደወጡ አንዲት አሮጌ ቮልስ ገዙ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ መኪና የማያውቁት ነገር የለም፤ ሳይጠየቁም ይመልሳሉ። ትራፊኩ ቮልሷን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «አባት፣ ለድንገተኛ አደጋ የሚሆን ዕቃ መኪናዎ ውስጥ ይኑር» ብሎ በምክር አለፋቸው። ምን ዓይነት ዕቃ ብሎ መጠየቅ እንግዲህ የማያውቅ ሰው ሥራ ነው። ጋሽ አጥናፉ ደግሞ ድንገተኛ ነገር ሲመጣ ምን ምን እንደሚያስፈልግ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ቀጥ ብለው ወደ ዕድሩ መጋዘን ነዱ።

እሑድ ጠዋት ጎረቤታቸውን፣ ልብስ ሰፊውን ጥላዬን፣ ሆዱን አመመው። ቀላል ሕመም መስሎት ነበር፤ በኋላ ግን በቀኝ በኩል እየወጋ ያጎብጠው፣ ያስመልሰው ጀመር። ሚስቱ አስካለ ደግፋ ወደ ደጅ ብታወጣው ባጃጅ የሚባል ዘር የለም። ጋሽ አጥናፉ ብቻ ቮልሳቸውን እየወለወሉ ቆመዋል።

«ጋሽ አጥናፉ፣ በእመቤታችን! ሐኪም ቤት ያድርሱን። ትርፍ አንጀት ነው መሰለኝ፤ ከፈነዳ አለቀለት!»

«ምን ችግር አለው? መኪና ለመቼ ነው!» ብለው በሩን ቢከፍቱ፣ አንድ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ተንከባሎ ጥላዬ እግር ሥር ወደቀ።

ጥላዬ ጎንበስ እንዳለ ወደ ውስጥ አየ። ከኋላ ድንኳን ከነካስማው እስከ ጣሪያው ተጠቅጥቋል። የፊተኛው ወንበር ላይ ብረት ድስት ተቀምጧል፤ በድስቱ ውስጥ ኩባያ፣ በኩባያው ላይ የዕድሩ ጥሩንባ። ውጭ ጣሪያዋ ላይ ደግሞ ሁለት አግዳሚ ወንበር በገመድ ታስሯል። ምስኪኗ ቮልስ ከክብደቱ የተነሳ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አለ ጥላዬ።

«የአደጋ ጊዜ ዕቃ ነዋ! ትራፊክ ነው ያዘዘኝ።»

«ፋሻስ? የቁስል መድኃኒትስ የለም?»

«ፋሻ!» ብለው ሳቁ ጋሽ አጥናፉ። «ፋሻ እኮ ለአንድ ሰው ነው። ይሄ ለሁለት መቶ ሰው ይበቃል!»

«ያውርዱታ!» ጮኸች አስካለ። «ሰውየው ሊሞትብኝ ነው እኮ!»

«ላውርደውና መንገድ ላይ ድንገት አንድ ነገር ብንሆንስ? ባዶ እጃችንን? አንቺ መኪና ስለማታውቂ ነው፣ አልፈርድብሽም።»

አስካለ ጭንቅላቷን ይዛ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ጋሽ አጥናፉ ወደ በሽተኛው ዞሩ። ሰው ሲያጣጥር እንኳ ማስረዳት አይሰለቻቸውም።

«አንተ እንኳ አስተዋይ ሰው ነህ፤ አንተው ፍረድ። ዝናብ ቢመጣ ድንኳን አለ። ደክሞት የሚቀመጥ ቢኖር ወንበር አለ። ክላክሷ ቢበላሽ ጥሩንባ አለ። እስቲ ምን ጎደለ? አንዲት የጎደለች ነገር ጥራልኝና፣ አሁኑኑ ሁሉንም አወርደዋለሁ!»

ጥላዬ የመኪናዋን በር ተደግፎ እንደምንም ቀና አለ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

«ሬሳው ነው የጎደለው» አላቸው። «እሱንም ትንሽ ካቆዩኝ አሟላልዎታለሁ።»

ጋሽ አጥናፉ ዕቃውን ሁሉ እዚያው ጥላዬ ደጅ አራግፈው፣ ባልና ሚስቱን ጭነው ከነፉ። ጥላዬ ተቀዶ፣ ድኖ በሦስተኛው ቀን ቤቱ ሲመለስ፣ ድንኳን ደጁ ላይ ወርዶ ያየው ሰፈርተኛ ለእሱ አልቅሶ ጨርሶ ካርታ ሲጫወት ደረሰ።