አልበላም የተባለው ድንጋይ

ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ ወደ ደንጎራ ሸለቆ የሚወስደው የጠጠር መንገድ ከፓርኩ በር ላይ ያልቃል። ከበሩ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ከፍ ብሎ፣ ልክ ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ መቀመጫ የመሰለ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ያገሩ ሰው «አልበላም» ይለዋል። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት በሚኒባስ መጥተው ማታ ከተማቸው የሚገቡት ጎብኚዎች ድንጋዩን ባዶውን አያገኙትም። ሰው ሸለቆው ውስጥ እስካለ ድረስ አንድ ጠባቂ ጀርባውን ለገደሉ፣ ፊቱን ለምዕራብ ሰጥቶ፣ ቀንድ ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጦበታል። ትኬት ቆራጩ ለእንግዶች ከሚያነበንባቸው ማሳሰቢያዎች፣ ማለትም ላስቲክ አትጣሉ፣ ዝንጀሮ አትመግቡ፣ ከመሪያችሁ አትለዩ ከሚሉት ቀጥሎ፣ በመጨረሻ የሚመጣው ድንጋዩ ላይ የተቀመጠውን ሰው «እንብላ» እንዳትሉት የሚል ነው። ምሳውን ይዞ ሰው አጠገብ ሲደርስ እንብላ ሳይል ማለፍ ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሁሉ ይህን ሲሰማ ግራ ይገባዋል። አንዳንዱ ሰውየው በሽተኛ ይመስለዋል፤ አንዳንዱ ስለት ያለበት ይመስለዋል። የልማዱ አመጣጥ ግን፣ ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት፣ ከሁለቱም የከፋ ነው።

ድሮ ደንጎራ መተላለፊያ እንጂ መታያ አልነበረም ይባላል። አሞሌ የጫኑ ነጋዴዎች ግመሎቻቸውን ከበረሃው ወደ ደጋው የሚያወጡት በዚሁ ሸለቆ ወለል ላይ ሲሆን፣ ግራና ቀኙ እንደ ግንብ የቆመ ቀይ ገደል፣ ወለሉ ደረቅ አሸዋ፣ ሰማዩም ከታች ሲያዩት ከአንድ መቀነት የማይሰፋ ስለሆነ፣ የገባ ሰው ቶሎ መውጣቱን ያስብ ነበር እንጂ ቀና ብሎ ድንጋይ የሚያደንቅ አልነበረም። የሸለቆው ክፋት ደረቅነቱ ነበር። ዝናቡ የሚዘንበው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ጋሻ በሚባለው ተራራ ላይ ነው፤ ውሃው ግን ሌላ መውረጃ የለውምና፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ጠብታ ባልወረደበት አሸዋ ላይ ግንድና ቋጥኝ እያንከባለለ ይደርሳል። ከታች ያለ ሰው ተራራውን አያይም። ስለዚህ ነጋዴዎቹ ከአፋፉ ላይ ጠባቂ ያስቀምጡ ነበር፤ ጠባቂውም የጋሻ ጫፍ በጥቁር ደመና ሲጠፋ የሳላ ቀንድ ይነፋል፤ ቀንዱ በጊዜ ከተነፋ ውሃው እስኪደርስ ያለው ፋታ ሁለት ግመል ለመጫን ይበቃ ነበር። ከዚያ አይተርፍም።

ይህ ነገር በሆነበት ዘመን ጠባቂው ሽበሺ የሚባል ሰው ነበር። ሚስቱ ሞታበት፣ ከአንዲት ልጁ ከእንጉዳይ ጋር ከአፋፉ አጠገብ ባለች ጎጆ ይኖር ነበር። ሃያ ዓመት ያህል ሲጠብቅ አንድም ሰው አላስወሰደም ይባላል። ሁለት ደንብ ነበረው፤ ከታች ሰው እስካለ ድረስ ዓይኑን ከጋሻ ላይ አያነሳም፤ ከታች ሰው እስካለ ድረስ እህል አይቀምስም። ለምን ሲሉት፣ የሚበላ ሰው የሚያየው ገበታውን ነው ብሎ ይመልስ ነበር። ነጋዴዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ስንቃቸውን ሲፈቱ ወደሱ ቀና እንኳ አይሉም ነበር። ደግነት አጥተው አይደለም፤ ሸለቆውን ስለሚያውቁት ነው።

ታዲያ ለወረዳው አዲስ ገዢ ተሾመ። ግራዝማች ወንድይፍራው የተባሉ የደጋ ሰው ሲሆኑ፣ እጃቸው የተፈታ፣ ገበታቸው ሰፊ፣ ከደጃፋቸው ማንም ሳይበላ የማያልፍ ሰው ነበሩ ይባላል። ታሪኩን የሚያወሩ ሁሉ በዚህ ይስማማሉ፤ እኚህ ሰው ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ያን ቀን ማንም ባልሞተ ነበር። በተሾሙ በሦስተኛው ወር፣ በበዓለ ሃምሳ፣ ስሙን ሲሰሙት የኖሩትን ሸለቆ በዓይናቸው አይተው በዚያው ቀን ሊመለሱ አሰቡ። ምን ሊያመጡ ነው ቢባል ምንም፤ ለማየት ብቻ። ያገሩ ሰው እንዲህ ያለ ጉዞ ሰምቶ ስለማያውቅ፣ ከበስተኋላው ሌላ ነገር አለ ብሎ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲጠረጥር ሰነበተ።

ለእንጉዳይ ቀኑ የጭንቅ ቀን ነበር። በግንቦት የምታገባው የግራዝማቹን የእህት ልጅ አጥናፉን ነበርና፣ የባሏ ወገን የሚሆነው ሁሉ ያን ቀን ከጎጆዋ ስር ባለው ሸለቆ ሊሰፍር ነው። ሽማግሌ ተልኮ እሺ ከተባለ አርባ ቀን አልሞላም፤ የባላባት ቤት ከገደል ጠባቂ ቤት ልጅ ለመውሰድ መስማማቱም ገና ያልበረደ ወሬ ነበር። አጥናፉን ያየችው ሁለት ጊዜ ብቻ ቢሆንም ወዳዋለች ይባላል። ከሴቶቹ ጋር ሆና እንድታስተናግድ ተጠርታ ስለነበር፣ አባቷን ከድንጋዩ ላይ ትታ በማለዳ ወረደች።

ከነልጆቹ ሠላሳ የሚሆን ሰው ነበር። ጠዋቱን ከገደል ገደል እያዩ፣ እያደነቁ፣ እያስተጋቡ ዋሉና እኩለ ቀን ሲሆን፣ ሸለቆው ሰፋ ብሎ ጥላ ከሚጥልበት ስፍራ ምንጣፍ ተነጠፈ። ግራዝማቹ እጃቸውን ታጥበው ዙሪያቸውን ሲቃኙ ከላይ ጀርባውን የሰጣቸውን ሰው አዩ። ማነው ቢሉ የእንጉዳይ አባት ነው ተባሉ። ደነገጡ። ዘመድ የሚሆናቸው ሰው ገደል ላይ ተጎልቶ እሳቸው ከታች ሊበሉ ነው። ወዲያው ከምግቡ ምርጥ ምርጡ በሳህን ተደርጎ ለእንጉዳይ ተሰጣት፤ መውጫው እግር ለለመደው የሩብ ሰዓት ዳገት ነበርና ይዛ ወጣች። ሽበሺ ዞር ሳይል፣ ከኋላዬ አስቀምጪው፣ ማታ እበላዋለሁ አላት።

ስትመለስ ግራዝማቹ ቀመሰው ወይ ብለው ጠየቋት። መዋሸት አልሆነላትም። እሳቸውም አልተቆጡም፤ ይልቁን ጥፋቱን ከራሳቸው ላይ አደረጉት። ለአንድ የተከበረ ሰው ምግብን በሳህን ወደ ገደል መላክ ማዋረድ ነው፣ ራሱ መጥቶ ከገበታዬ ይቁረስ ብለው ደግመው ላኳት። ሽበሺ አልበላም አለ። ጾም ነው እንዳይባል ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነው፤ አሞት ነው እንዳይባል እንደ ዋርካ ተተክሎ ይታያል። ይህን ጊዜ ግራዝማቹ እጃቸውን ከገበታው አነሱ።

«እሱ ካልበላ እኛም አንበላም» አሉ።

እሳቸው ያልበሉትን የሚበላ የለም። ሠላሳ ሰው የሚቀዘቅዘውን ወጥ እያየ ተቀመጠ። ልጆቹ ማልቀስ ጀመሩ። የአጥናፉ እናት ወይዘሮ አስካለ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው፣ አባትየው እንዲህ ካስለመነ ልጅቱማ ስንት ቀን እያስለመነች ልትጎርስ ነው አሉ፤ ለእንጉዳይ ጆሮ እንዲደርስ አድርገው ነው ያሉት። አጥናፉ ጥፍሩን ያይ ነበር። እንጉዳይ ማንም ሳይልካት ለሦስተኛ ጊዜ እየሮጠች ወጣች።

«አባዬ፣ ሠላሳ ሰው ጦሙን ተቀምጧል» አለችው።

«ይብሉ እንጂ። ማን ከለከላቸው?»

«እርስዎ ነዎት የከለከሏቸው። ልጆቹ እያለቀሱ ነው። ዛሬ ካልወረዱልኝ የኔ ግንቦት አይመጣም።»

ሽበሺ ተራራውን ከጫፍ እስከ እግሩ ቃኘው። ጋሻ ታጥቦ የተሰጣ መስሎ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከትከሻው ላይ ያለው አንድ ባዘቶ የሚያህል ነጭ ደመና ብቻ ነው። እሷም ዝምታውን እሺታ አድርጋ፣ እኔ እቀመጥልዎታለሁ፣ ማየት ብቻ አይደል አለችው። ማየት ብቻ መሆኑን አመነ። ሃያ ዓመት ያልተነሳበትን ድንጋይ ለቆ ቀንዱን ሰጣት።

«ወደ ጋሻ ነው የምታዪው» አላት። «ወደ ታች አይደለም።»

ተቀመጠች። በመጀመሪያ እንደታዘዘችው ወደ ተራራው አየች። ቆይቶ ከበስተኋላዋ እልልታ ተሰማ፤ አባቷ መድረሱ ነው። የት እንዳስቀመጡት ለማወቅ አንድ ጊዜ ዞር አለች። ከግራዝማቹ ቀኝ አስቀምጠውታል። ወደ ጋሻ ተመለሰች። እጁን አስታጥበውት ይሆን ብላ ደግሞ ዞር አለች፤ የሚያስታጥበው አጥናፉ ራሱ ነበር፣ ጎንበስ ብሎ። ከዚያ በኋላ መዞር ተወችና ጉልበቷን ወደ ገደሉ መልሳ ተቀመጠች። አባቷ አሮጌ ጋቢውን እንዴት እንደሰበሰበው፣ ሲያዋሩት አንገቱን እንዴት እንደሰበረ፣ ወይዘሮ አስካለ ወጥ እንዴት እንደጨመሩለት ሁሉ አየች። ግራዝማቹ ከሁሉ የተለቀ ጉርሻ ጠቅልለው ሲያነሱ፣ አባቷም እጁን ከአገጩ ስር ዘርግቶ ሲቀበል አየች። በዕድሜዋ እንደዚያች ቅጽበት ደስ ብሏት አያውቅም ይባላል።

ከዚያ ጀርባዋን በረዳት።

ስትዞር ጋሻ የለም። ጫፉ ብቻ ሳይሆን ተራራው በሙሉ ከነስሩ የለም፤ በቦታው እንደ ከሰል የጠቆረ ነገር ቆሟል። ከጠፋ ምን ያህል እንደቆየ የሚነግራት አልነበረም፤ ዛሬም የሚያውቅ የለም።

ቀንዱን ነፋች። ከታች ያሉት ለአባቷ ክብር የተነፋ መስሏቸው ሴቶቹ በእልልታ መለሱላት። ደግማ ነፋች፤ ደግመው እልል አሉ። የገባው ሽበሺ ብቻ ነበር፤ ብድግ አለ፣ ግን ቃል አልወጣውም። እዚህ ላይ አንዳንድ ተራኪዎች ልጆች ካሉ ዘለው ያልፉታል፤ አፉ ሙሉ ነበር። ጉርሻውን ተፍቶ ድምፁ እስኪወጣ ስንት ጊዜ እንደባከነ እንደየተራኪው ይለያያል። ሲሆን የታየው ግን አንድ ነው ይላሉ፤ ሁለት ልጆች በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ከገደሉ እርከን ላይ ወረወረ፣ ተመልሶም ሌሎች ሁለት አነሳ። ይህን ጊዜ ሰዉ ሁሉ ነቃ። አስቀድሞ የረጠበ አፈር ሽታ መጣ፣ ቀጥሎ ነፋስ መጣ፣ ከዚያም ገደሉ ራሱ የሚሄድ የሚመስል ድምፅ መጣ። ሽበሺ ለሦስተኛ ጊዜ ልጅ ሊያነሳ ሲመለስ፣ እንጉዳይ ከላይ ሆና አየችው። ከዚያ በኋላ ያየችው ውሃ ነው።

የተረፉት አሥራ አንድ ናቸው የሚል አለ፣ አሥራ ዘጠኝ ናቸው የሚልም አለ። ልጆቹ ከአንዷ በቀር ሁሉም ተርፈዋል፤ አጥናፉም ተርፏል፤ ግራዝማቹን አሽከሮቻቸው ጎትተው አወጧቸው። የሞቱትን እስከ በረሃው አፍ ድረስ ወርደው ከአሸዋው ውስጥ አንድ በአንድ ለቀሟቸው። ሽበሺ ብቻ አልተገኘም።

እንጉዳይ ከድንጋዩ አልተነሳችም። ሊያነሷት የሄዱት ሴቶች ፊቷን ወደ ጋሻ አድርጋ አገኟት፤ ቢያዋሯትም ዞር አላለችም። በሦስተኛው ቀን ግራዝማች ወንድይፍራው ራሳቸው፣ አንድ እጃቸውን በጨርቅ አንጠልጥለው፣ የለቅሶ እህል አስይዘው ወጡ። ሌላ የሚያውቁት መጽናኛ አልነበራቸውም። ከኋላዋ ቆመው ለመኗት።

«ልጄ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቅመሽ።»

«ሰው ከታች አለ» አለቻቸው ሳትዞር። «አልበላም።»

 ግራዝማቹ እህሉን ከአሽከራቸው እጅ ተቀብለው፣ በዚያች በደህናይቱ እጃቸው ተሸክመው ወረዱ። በሳምንቱ ገበያ መሐል አዋጅ አስነገሩ፤ በዚያ ድንጋይ ላይ የተቀመጠን ሰው፣ ዘመድም ይሁን እንግዳ፣ እንብላ ያለ ይቀጣል የሚል። ገበታቸው እንደዚያ ለሰፋ ሰው እንግዳ አዋጅ ነው፤ ከሹመታቸው ዘመን የሚታወስላቸውም እሱ ብቻ ነው።

በግንቦት የአጥናፉ ሽማግሌዎች ቃላቸውን ሊያጸኑ መጡ። እንጉዳይ በጨዋ ደንብ አመስግና መለሰቻቸው፤ ስታናግራቸውም ፊቷን አላዩትም። ከዚያ ወዲያ አርጅታ እስክትሞት ድረስ ጠባቂዋ እሷ ነበረች። ሰው ያለ እህል አይኖርምና ማታ ማታ ቤቷ ገብታ ትበላ እንደነበር የታመነ ነው፤ ስትበላ ያያት ሰው ግን የለም። ዛሬ በተራ የሚቀመጡት ጠባቂዎች የአጎቷ ዘሮች ነን ይላሉ። በእሷ ጊዜም ሆነ ከእሷ በኋላ ሸለቆው ሰው አልወሰደም ይባላል፤ ሽማግሌዎቹ ይህን ሲናገሩ ግን «እስከ ዛሬ» የሚለውን ሳይጨምሩ አይቀሩም።

አሁን አሞሌ የሚጭን የለም። በደንጎራ የሚያልፈው ሁሉ ለማየት የመጣ ነው። ሸለቆው ከሚሰፋበት ስፍራ፣ በቀዩ ገደል ላይ፣ የሰው ቁመት አምስት እጥፍ ከሚሆን ከፍታ፣ በግራም በቀኝም እኩል የሚሄድ አንድ ጥቁር መስመር አለ። እንግዶቹ ከበታቹ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ፤ እንዲህ አስተካክሎ ያሰመረው ማን እንደሆነም መሪያቸውን ይጠይቃሉ። መሪው፣ ውሃ ነው ይላቸዋል። እግራቸው ስር ያለውን ደረቅ አሸዋ አይተው ይስቃሉ፤ ከዚያም ጥላው ጥሩ ነውና እዚያው ምንጣፍ አንጥፈው ምሳቸውን ይፈታሉ።