የጋሽ ደግፌ ጊታር ድምፅ

በአንድ ወቅት፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሠፈር፣ ጋሽ ደግፌ የሚባሉ ጊታር ተጫዋች ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሆቴል ባንድ ኤሌክትሪክ ጊታር ተጫውተዋል፤ በእሳቸው ጊታር ያልተሞሸረ የሠፈሩ ሰው ጥቂት ነው። ባለቤታቸው በሞቱ በዓመቱ ግን ግራ ጎናቸው ሽባ ሆኖ አልጋ ላይ ዋሉ። ጊታሩም በተቀመጠበት ሣጥን ውስጥ የጣሪያ ፍሳሽ ገብቶበት ዲዳ ሆነ። ከአምፕሊፋየር ጋር ሲያያይዙት ምንም አይሰማም።

ሐኪሙ ቀናቸው ማጠሩን ለልጆቻቸው ነገራቸው። ጋሽ ደግፌም ሳይነገራቸው አውቀውት ነበር።

«መጫወቱስ ቀርቷል» አሉ አንድ ቀን። «ያንን ድምፅ አንዴ ሰምቼ ብሄድ አይቆጨኝም።»

የመጀመሪያ ልጃቸው ማንያዘዋል የተቃጠለ ሞተር ሽቦ እየጠቀለለ የሚኖር ሰው ነው። ጊታሩን ሲፈታው፣ ከክሮቹ ሥር የምትቀመጠው፣ ድምፁን የምትይዘው፣ ሙዚቀኞች ፒክአፕ የሚሏት ጥቅል ሽቦዋ ዝጎ ተበጣጥሷል። ምትክ ቢፈልግ አጣ። ስለዚህ ማግኔቷን አስቀርቶ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በእጁ ይጠቀልል ጀመር፤ ሰባት ሺህ ዙር። ስድስት ሺህ ላይ ተበጠሰበትና እንደገና ከአንድ ጀመረ። ስኳር ያለበት ሰው ስለሆነ ሐኪም «ዓይንህን አሳርፍ» ብሎት ነበር። አላሳረፈም። ሥራውን ሲጨርስ ግራ ዓይኑ ደም ቋጠረ፤ ከዚያ ወዲህ በእሱ ጥላ እንጂ ሰው አያይም።

ጊታሩ ተናገረ፤ ግን ከዜማው ጩኸቱ ይበልጥ ነበር። ሁለተኛዋ ልጅ ፈትለወርቅ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ትጠግናለች። አባቷን የምታጥበውም፣ የምታጎርሰውም እሷ ናት። የጊታሩን ሆድ ብትከፍት ሽቦዎቹ በልዘዋል፣ የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ ተበልተዋል። የሚስማማ ዕቃ ያገኘችው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እናቷ ትተውላት በሄዱት የጀርመን ሬዲዮ ውስጥ። ሬዲዮው ይሠራ ነበር። ፈትለወርቅ ማታ ማታ ከፍታው ነበር የምትተኛው። ዊንጩን ይዛ ፊቱ ትንሽ ተቀመጠችና ፈታችው። ዕቃውን ጊታሩ ላይ በየደች፣ ሆዱን በቀጭን መዳብ ለበጠች። ጩኸቱ ጠፋ።

ማንያዘዋል ክሮቹን መታ መታ አደረጋቸው። ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ። ጋሽ ደግፌ አዳመጡ፣ አዳመጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እጃችሁ ይባረክ፤ ጥሩ ድምፅ ነው» አሉ። «የኔ ግን አይደለም።»

በማግስቱ ከጅቡቲ ወደብ የመጨረሻው ልጅ አሸብር መጣ። ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ለእናቱ ቀብር እንኳ አልደረሰም። ሳይሰደድ በፊት በዚያው ባንድ ከአባቱ ጎን ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። የአባቱን ጉልበት ከሳመ በኋላ ጊታሩን አንስቶ አንዲት ክር ነካ።

«ፒክአፗ ክሮቹን በጣም ተጠግታለች፤ ለዚህ ነው የምትቆጣው» አለ።

በዊንጭ ሁለት ዙር ዝቅ አደረጋት። ቀጫጭኖቹን ክሮች አውጥቶ አባቱ ይወዷቸው የነበሩትን ወፋፍራም ክሮች ገጠመ፣ ቅላጼውን አለዘበ። ከዚያ እንደ አባቱ በአውራ ጣቱ አንድ የሠርግ ዜማ ተጫወተ። ሥራው ከግማሽ ሰዓት አላለፈም።

የጋሽ ደግፌ ደኅነኛ እጅ ብርድ ልብሱ ላይ ምት መምታት ጀመረች። «እሱ ነው! እሱ ነው!» አሉ፤ እንባቸው ጆሯቸው ውስጥ እየገባ። ዜማው ሲያልቅም፣ «ጊታሩን ድምፁን ለመለሰለት ስጡት» አሉ።

ፈትለወርቅ ጎንበስ ብላ፣ «ለማን፣ አባዬ?» አለች።

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣም። አንደበታቸው ሳይፈታ በሦስተኛው ቀን አረፉ።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ሦስቱ ልጆች የሠፈሩ ሽማግሌዎች ፊት ተቀመጡ።

«እኔ ባልጠቅልላት ኖሮ እንጨት ነበር» አለ ማንያዘዋል። «ዓይኔን ከፍዬበታለሁ።»

«ጋሼ፣ አንተ የጠቀለልከውን ሰው የሰማው በእኔ ነው» አለች ፈትለወርቅ። «እናቴን ሁለተኛ ቀብሬያታለሁ።»

«እናንተ ድምፅ ሰጣችሁት» አለ አሸብር። «የአባዬን ድምፅ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«እናታችንን ስንቀብር የት ነበርክ?» አለው ማንያዘዋል።

«መርዶው የደረሰኝ ከሠልስቷ በኋላ ነው። ያን ዜማ ግን አንድም ቀን አልረሳሁትም።»

አንዱ ሽማግሌ ለታላቁ ይገባል አሉ፤ ሁለተኛው ላስታመመችው አሉ፤ ሦስተኛው «አባትየው ያለቀሱት በማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሳይስማሙ ተነሡ። ጊታሩ እስከ ዛሬ የሟቹ አልጋ ላይ ተጋድሟል፤ ሦስቱ ወንድምና እህትም በዓል በየቤታቸው ይውላሉ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ ለጊታሩ ድምፁን የመለሰለት የትኛው ነው?