ሽማግሌው ያልተናገረው

አንድ ገበሬ ነበረ። ናርዶስ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም፤ ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የምጽፈውን ድርሰት በግጥም ልጀምረው ወይስ በጥቅስ፣ የረቀቀ ቃል ላብዛበት ወይስ ልቀንስ ነው ያልሽኝ። መጀመሪያ ግን የዚህን ገበሬ ነገር ስሚ።

ገበሬው ከወንዝ ማዶ ያለች ልጅ ወደደ። ልጅቷን አልፎ አልፎ የሚጥል በሽታ ይነሳባታል፤ አባቷም ይህን ከማንም አልደበቀም። የገበሬው እናት ደግሞ ሽባ ሆና አልጋ ላይ ውላለች። እህት ስለሌለው የሚያስታምማት እሱ ነበር። ገላዋን ያጥባታል፣ ፀጉሯን ያበጥርላታል፣ አጥሚት አፍልቶ በማንኪያ ያጠጣታል። በዚያ አገር ጓዳ የሚገባ ወንድ መሳቂያ ስለሆነ፣ የሚያበስለው በሩን ዘግቶ ነው።

በደንቡ መሠረት ሚስት ፈላጊ ራሱ ሄዶ አይጠይቅም፤ ሽማግሌ ይልካል። ገበሬውም በአንደበቱ የታወቀ አንድ ሽማግሌ ለመነ።

«የእናትህን ነገር ላንሳላቸው?» አለ ሽማግሌው።

«ኧረ አባባ! ጓዳ ለጓዳ የሚል ወንድ አመጡልን ሊሉዎት? ያማረ ያማረውን ይንገሩልኝ።»

«እንደ ወደድክ። ለማማሩ እንኳ አታስብ።»

ሽማግሌው ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ በማለዳ ሄደ። ደንቡን አላጓደሉም። ጋቢያቸውን አጣፍተው ደጅ ቆሙ፤ ተቀመጡ ሲባሉም ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ከዚያ ሽማግሌው ተናገረ። ልጁ በዱር አንበሳ፣ በአደባባይ ዳኛ፣ በቤቱ ምሰሶ ነው አለ። ንግግሩ ቤት ይመታ ነበር። የልጅቷ አጎቶች ሳይቀሩ ደስ ብሏቸው አዳመጡ።

አባትየው እስከ መጨረሻው ሰማና፣ «ልጄን በሽታዋ ሲጥላትስ ምን ያደርጋል?» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መልሱን ያውቁታል፤ ግን አትናገሩ ተብለዋል።

«እንደ ንግሥት ያኖራታል» አለ ባለ አንደበቱ።

«ባለፈው የመጡትም ይህንኑ አንበሳ ነው ያመጡልኝ። አንበሳ ልጄን ከወደቀችበት ያነሳታል እንዴ?»

እነሱን በክብር ሸኛቸውና ሴት ልጁን ከልጅነቱ ለሚያውቀው ለጎረቤቱ ልጅ ዳረ።

በዓመቱ የገበሬው እናት ሞተች። አባትየው ለልቅሶ መጣና ያንኑ ሽማግሌ አገኘው፤ አጠገቡም ተቀመጠ። አንዲት ጎረቤት፣ «ማን እንዳንተ እናቱን አጥቦ! ማን እንዳንተ አጥሚት አፍልቶ!» እያለች ስታለቅስ ሰማ።

«ይህን ያውቁ ነበር?» አለው ሽማግሌውን።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ስጠይቅዎ?»

«አይንገሩብኝ አለኛ።»

«ልጄ በሽታዋ ጥሏት ምድጃ ላይ ወድቃ እጇ ተቃጠለ» አለ አባትየው። «ባሏ ጓዳ መግባት ነውር መስሎት፣ ደጅ ቆሞ ጎረቤት ይጣራ ነበር።»

ገበሬው ከፊታቸው ቆሞ ይህን ሁሉ ሰማ።

ናርዶስ፣ ድርሰትሽ ሽማግሌሽ ነው። አንቺ በሌለሽበት ሄዶ ደጅ የሚቆምልሽ እሱ ነው። ስለዚህ ደንቡን ይጠብቅ፤ የተባለውን ርዝመት አይለፍ፣ አንቀጹ ይለይ፣ ጽሑፉ ይነበብ። ደንቡን መጠበቁ ግን የሚያስፈልገው እንዲሰሙት ብቻ ነው፤ ሲጠይቁት የሚመልሰውን ከአንቺ ይዞ መሄድ አለበት። ያሳየሽኝ ረቂቅ ስለ ዕውቀት ብርሃን በግጥም ይጀምራል። ያምራል፤ አላማረም አልልም። ከግጥሙ ሥር ግን የሰረዝሽው አንድ መስመር አለ። ከእናትሽ ጋር ጉሊት ተቀምጠሽ፣ ገዢ እስኪመጣ በቲማቲም ካርቶን ላይ ሂሳብ ትሠሪ እንደነበር የጻፍሽው ነው። ለምን እንደሰረዝሽው ይገባኛል። አንባቢዎቹ ግን ጉሊቱን አያውቁትም፤ ካርቶኑንም አላዩትም።

መልሰሽ ጻፊው። ባይቀበሉሽ እንኳ፣ አንቺን አውቀው ይመልሱሽ።